የፊልሙ ፖስታና የሐኪሙ ጥያቄ

ከሲቀላ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ በሚነሳ የማለዳ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከተሳፋሪዎች አንዱ ሰፊና ጠፍጣፋ ፖስታ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ መታየቱ የተለመደ ነው፡፡ እንዳይታጠፍበት ይጠነቀቃል፤ ከገንዘቡ እኩል ይጠብቀዋል፡፡ በፖስታው ውስጥ ያለው የራጅ ወይም የሲቲ ስካን ፊልም ነው፡፡ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው “እግዚአብሔር ይማርህ” ካለ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ አንድ ነው፡፡ “ምን ታየ?” ይለዋል፡፡ “ሐኪሙ ምን ለማወቅ ፈልጎ ነው ያዘዘው?” ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም፡፡ ባለፖስታውም ቢጠየቅ መልሱን ላያውቀው ይችላል፡፡

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፡፡ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የሚባሉት ምርመራዎች ሐኪምን የሚረዱት እንዴት ነው? የትኛው ለየትኛው ሕመም ይበጃል? ጊዜና ገንዘብ ከማባከን በስተቀር ፋይዳ የማይኖራቸውስ መቼ ነው? አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ያለአግባብ የታዘዘ ምርመራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ድካምና የኪስ ገንዘብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፡፡ ከቦንኬ ወይም ከዲታ ወርዶ፣ ሲቀላ አድሮ፣ ከዚያ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ጉዞ ለሚነሳ ቤተሰብ ግን ነገሩ የበሬ ዋጋ ነው፡፡ አንዳንዴም የሕይወት ዋጋ ይሆናል፡፡

ጭብጥ ያልተያዘበት ማስረጃ

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም፡፡ ነገር ግን ሐኪምና ዳኛ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፡፡ ሁለቱም በዓይናቸው ያላዩትን ነገር በማስረጃ መዝነው መወሰን አለባቸው፡፡ ፍርድ ቤት ምስክር ከመስማቱ በፊት ጭብጥ ይይዛል፡፡ ተከሳሽ ገንዘቡን ተበድሯል ወይስ አልተበደረም? ውሉ ተፈርሟል ወይስ አልተፈረመም? ጭብጥ ሳይያዝ መቶ ምስክር ቢሰማ መዝገቡ ይወፍራል እንጂ እውነቱ አይገኝም፡፡

ጥሩ ሐኪምም እንዲሁ ነው፡፡ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ የት ያማል፣ ምን ያብሰዋል ብሎ ይጠይቃል፡፡ ቀጥሎ በእጁ ይዳስሳል፣ በማዳመጫው ይሰማል፡፡ በዚህ ጊዜ በአእምሮው ሁለትና ሦስት ጥርጣሬዎች ይቀራሉ፡፡ ምርመራ የሚታዘዘው ከእነዚህ ጥርጣሬዎች አንዱን ለማጽናት ወይም ለመጣል ነው፡፡ “ይህ የሁለት ወር ሳል የሳንባ ነቀርሳ ይሆን?” የሚለው ጭብጥ ነው፤ የደረት ራጁ ደግሞ ማስረጃው፡፡ ውጤቱ እንዲህም ሆነ እንዲያ የሐኪሙን ውሳኔ የማይቀይር ከሆነ ምርመራው መጀመሪያውኑ ባይታዘዝ ይሻል ነበር፡፡

ነገሩ በማዘዣ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል፡፡ አንዱ ሐኪም “የሆድ አልትራሳውንድ” ብሎ ብቻ ይጽፋል፡፡ ሌላው “የ40 ዓመት ሴት፤ ቅባት ከበላች በኋላ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ለሦስት ቀን የቆየ ሕመምና ትኩሳት፤ የሐሞት ጠጠር አለ ወይ?” ብሎ ይጽፋል፡፡ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ፣ ራዲዮሎጂስቱ ማለት ነው፣ እንደ ኤክስፐርት ምስክር ነው፡፡ ጥያቄው ሲነገረው የት ላይ አተኩሮ እንደሚመለከት ያውቃል፡፡ ካልተነገረው ግን ሆድን የሚያክል ሰፊ አገር በጭፍን እንዲያስስ ተፈረደበት ማለት ነው፡፡

ከዓድዋ ቁስለኞች እስከ ዛሬ

የጀርመኑ የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይ የተባለውን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895 ነበር፡፡ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የባለቤቱን እጅ ሲያነሳ አጥንቷና የጣት ቀለበቷ በጉልህ ታዩ፡፡ ይህ ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ጦርነት ተካሄደ፡፡ ከኢትዮጵያ ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የጣሊያን ወታደሮች መካከል ሁለቱን በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሌተና ኮሎኔል በዚያው ዓመት በአዲሱ ጨረር መረመራቸው፤ ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለም ለየ፡፡ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ኤክስሬይ ለጦር ቁስለኞች ያገለገለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ አድርገው የሚጠቅሱት ይህንን ነው፡፡ የአባቶቻችን ጥይት ሳያውቀው የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ገባ ማለት ነው፡፡ እኛም “ራጅ” የምንለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ጨረሮች ማለት ነው፡፡

አልቫሮ የነበረው ጥያቄ አጭርና ግልጽ እንደነበር ልብ ይሏል፡፡ ጥይቱ የት ነው? ይኸው ነው፡፡ መልሱም የቀዶ ሐኪሙን ቢላዋ አቅጣጫ ያስያዘ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ እጅግ ተራቀዋል፤ ጥያቄ የሚያስፈልጋቸው መሆኑ ግን አልተለወጠም፡፡

አራቱ መሣሪያዎች

ራጅ በጥላ የሚሠራ ነው፡፡ ጨረሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፡፡ አጥንት ብዙውን ጨረር ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየር የሞላው ሳንባ ስለሚያሳልፈው ይጠቁራል፡፡ ስለዚህ ራጅ ለተሰበረ አጥንትና ለደረት ሕመም የመጀመሪያው ምርጫ ነው፡፡ ሳንባ ምች፣ በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውኃ፣ የተስፋፋ ልብ ይታይበታል፡፡ የሳንባ ነቀርሳን ጥርጣሬም ያጠነክራል፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የአክታ ምርመራ ነው፡፡ ራጅ ድክመትም አለው፡፡ ሦስት ገጽታ ያለውን ሰውነት ጠፍጣፋ ስለሚያደርገው አንዱ አካል ሌላውን ይጋርዳል፡፡ በአውራ ጣት ግርጌ እንዳለችው ትንሽ አጥንት ያሉ ጥቃቅን ስብራቶች በመጀመሪያው ቀን ላይታዩ ይችላሉ፡፡ ሐኪም “ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስና ድጋሚ እናንሳው” ቢል ገንዘብ ፈልጎ ነው ብሎ መጠርጠር ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፡፡

አልትራሳውንድ ደግሞ የገደል ማሚቶ ነው፡፡ ከጨንቻ ተራራ ጫፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ከወዲያኛው ገደል ሲመለስለት እንደሚሰማው ሁሉ፣ መሣሪያውም ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ የተመለሰውን ማሚቶ ለክቶ ምስል ይሠራል፡፡ ጨረር የለውም፡፡ ለነፍሰ ጡር፣ ለጉበት፣ ለሐሞት ከረጢት፣ ለኩላሊት፣ ለእንቅርት፣ ለጡት እብጠትና ለልብ ይጠቅማል፡፡ ድምፁ ግን አጥንትንና አየርን አልፎ መሄድ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ለአዋቂ ሰው አንጎልና ጤነኛ ሳንባ ምስል አይመችም፡፡ ሌላም ጠባይ አለው፤ እንደያዘው እጅ ነው፡፡ ያው መሣሪያ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ አደገኛ ነገር ያወጣል፤ ባልሠለጠነ እጅ “ደህና ነው” ብሎ ያልፋል፡፡

በዚህ መሣሪያ ብዙ ሕይወት የሚተርፈው በወሊድ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ መክሯል፡፡ ምክንያቱ የፅንሱን ፆታ ለማወቅ አይደለም፡፡ የእርግዝናው ዕድሜ ስንት ነው? ፅንሱ አንድ ነው ወይስ መንታ? ጤንነቱስ እንዴት ነው? የሚሉትን ለመመለስ ነው፡፡ እርግዝናው ሲገፋ ደግሞ እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶ እንደሆነ ይታያል፡፡ መንገድ በሌለው ደጋ ቀበሌ የምትኖር፣ እንግዴ ልጇ በሩን የዘጋባት እናት ምጥ ሲጀምራት ደም ይፈሳታል፡፡ በዚያ ሰዓት ቃሬዛ አዘጋጅቶ ተራራ መውረድ ብዙውን ጊዜ የረፈደ ሙከራ ነው፡፡ ቀድሞ ከታወቀ ግን ከቀኗ በፊት ወርዳ ሆስፒታል አጠገብ ትቆያለች፡፡ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ እናትና ልጅን አተረፈ ማለት ይህ ነው፡፡

ሲቲ ስካን ከራጅ ቤተሰብ ነው፤ ጨረሩ ግን በሰውነት ዙሪያ እየዞረ ያነሳና ኮምፒዩተር ምስሉን በስስ በስሱ ቆራርጦ ያቀርበዋል፡፡ ሙዝን ከነልጣጩ በአግድም ቢከትፉት በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የውስጡ እንደሚታይ ዓይነት ነው፡፡ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በዚህ መሣሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ሲሆን፣ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድና አለን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል፡፡ ፈጣን ስለሆነ የድንገተኛ ሕክምና ወዳጅ ነው፡፡ በባጃጅና በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል፡፡ አንድ ጎኑ በድንገት የከዳው ሰው ስትሮክ የመጣበት ከደም መርጋት ነው ወይስ ከደም መፍሰስ? የሚለውንም ይለያል፡፡ ይህ ጥያቄ የሞት ሽረት ነው፤ ምክንያቱም የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሰጥ የሚያድን ቢሆንም፣ ደም እየፈሰሰ ላለበት አንጎል ከተሰጠ ይገድላል፡፡

ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ኃይለኛ ማግኔትና የራዲዮ ሞገድ ይጠቀማል፡፡ ሰውነታችን በአብዛኛው ውኃ ነው፡፡ መሣሪያው በውኃውና በስቡ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን ቀስቅሶ የሚሰጠውን ምልክት ያዳምጣል፡፡ ጤነኛው ክፍልና የታመመው ክፍል የውኃ ይዞታቸው ስለሚለያይ በምስሉ ላይ ይለያያሉ፡፡ ለአንጎል፣ ለሰረሰር፣ ለመገጣጠሚያና ለጅማት ተወዳዳሪ የለውም፡፡ በሌላ በኩል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ድምፁ ይረብሻል፣ ዋጋውም ውድ ነው፡፡ ሰውነቱ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም የብረት ስባሪ ያለበት ሰው ሳያስታውቅ መግባት የለበትም፡፡ በጦርነት ወይም በአደጋ ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ የቀረበት ሰው ብዙ በሆነበት አገር ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ ማለፍ አይገባም፡፡

እንግዲህ ከአራቱ “ትልቁ” የቱ ነው? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ “ለምኑ?” ነው፡፡ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ከሲቲ ስካን ይልቅ በርካሹ አልትራሳውንድ ይበልጥ ይታይለታል፡፡ የተሰበረ ክንድ ኤምአርአይ አይፈልግም፡፡ ውድ የሆነ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብ ገበያ የሰጠን እንጂ ሕክምና ያስተማረን አይደለም፡፡

መሣሪያ የማያየው

አርባ ምንጭ የወባ አገር ናት፡፡ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ይዞት የመጣ ሰው አራቱም መሣሪያዎች ተሰልፈው ቢመረምሩት ወባውን አያዩትም፡፡ ወባን የምታሳየው በመስታወት ላይ የተቀባች አንዲት የደም ጠብታ ናት፡፡ “ራሴን ያመኛልና ሲቲ ስካን እዘዙልኝ” የሚል የተማረ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው፡፡

የወገብ ሕመም ሌላው ማሳያ ነው፡፡ ቢሮ ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ወገባችንን ሲያመን መጀመሪያ የሚታየን ኤምአርአይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ መርምሮ ነበር፡፡ ዲስኮቻቸው ሁሉ ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው፡፡ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ ዲስክ ወጣ ብሎ ታይቷል፡፡ ሰዎቹ ግን ጤነኞች ነበሩ፡፡ ስለዚህ ምስሉ ላይ “ዲስክ ወጥቷል” ተብሎ መጻፉ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት ያ ነው ማለት አይደለም፡፡ ወንጀል በተፈጸመበት ሰፈር መገኘት ወንጀለኛ እንደማያሰኝ ማለት ነው፡፡ አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፡፡ ሳይዘገይ ምስል የሚያስፈልገው እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲከዳ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ሲያመልጥ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ሲኖር፣ ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰው ሲሆን ወይም ከአደጋ በኋላ ሲመጣ ነው፡፡ የጀርባ አጥንት ነቀርሳ በአገራችን እንግዳ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም፡፡

ከዚህ በተቃራኒ “ምንም አልታየም” የሚለው ውጤት “ምንም የለም” ማለት አይደለም፡፡ በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሲቲ ስካን ላይ ላይታይ ይችላል፡፡ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ነቀርሳ እያለበት የደረት ራጁ ደህና ሊመስል ይችላል፡፡ ምስክር “አላየሁም” ሲል ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት እንዳልሆነ ዳኛ ያውቃል፡፡ ሐኪምም ማወቅ አለበት፤ ሕመምተኛውም ቢያውቅ አይጎዳም፡፡

ሦስተኛው አደጋ ሳይፈለግ የተገኘ ነገር ነው፡፡ ጤነኛ ሰው “ለቼክ አፕ” ብሎ መላ ሰውነቱን ቢያስነሳ ኩላሊቱ ላይ አንዲት ውኃ የቋጠረች ከረጢት፣ ጉበቱ ላይ አንዲት ነጥብ አይጠፋም፡፡ አብዛኛዎቹ ምንም የማያደርጉ ናቸው፡፡ ነገር ግን አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈሩ ሌላ ምርመራ፣ ከዚያም ሌላ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይወልዳሉ፡፡ “ነገር ፈላጊ” የሚለው አነጋገራችን ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፡፡

ጨረርና ሕግ

ስለ ጨረር የሚወራው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጨርሶ ንቀት ወይ ጨርሶ ፍርሃት፡፡ እውነቱ መካከል ላይ ነው፡፡ ሁላችንም ከአፈርና ከሰማይ በየቀኑ ጥቂት ጨረር እንቀበላለን፡፡ አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው የጥቂት ቀናት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው፤ የሚያስፈራ አይደለም፡፡ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ወደ ስምንት ወር ገደማ፣ የሆድ ሲቲ ስካን ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ከሚሰጠው የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይነጻጸራል፡፡ ሲያስፈልግ ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል፡፡ ሳያስፈልግ፣ በተለይ በሕፃናት ላይና በተደጋጋሚ ሲሆን ግን፣ ትንሽም ብትሆን የካንሰርን ዕድል ትጨምራለች፡፡ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምትጠራጠር ሴት ሁኔታዋን ቀድማ መናገር አለባት፤ ባለሙያውም ሳይጠይቅ ማንሳት የለበትም፡፡ ሕይወቷን የሚያድን ምርመራ ከሆነ ግን እርግዝና ብቻውን መከልከያ አይደለም፡፡

አገራችን በዚህ ጉዳይ ሕግ አላት፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 79፣ ቀጥሎ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 571፣ ከዚያም በ2009 ዓ.ም. የጨረርና የኑክሌር መከላከል አዋጅ ቁጥር 1025 ወጥተዋል፡፡ ከሕጎቹ ጀርባ ያሉት መርሆች ዓለም አቀፍ ናቸው፡፡ አንደኛው “ያለ በቂ ምክንያት ጨረር አይሰጥም” ይላል፡፡ ሁለተኛው “ሲሰጥም ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን” ይላል፡፡ ሦስተኛው የመጠን ገደብ ነው፡፡ እዚህ ላይ የሕግ ሰውን የሚያስገርም ነገር አለ፡፡ ገደቡ የሚሠራው ለሠራተኛውና ለሕዝቡ ነው፤ ለሕመምተኛው ገደብ አልተበጀም፡፡ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ሕክምና በቁጥር ሊታጠር አይገባም፡፡ ውጤቱ ግን ሕመምተኛውን የሚጠብቀው አጥር የመጀመሪያው መርህ፣ ማለትም “ለምን ታዘዘ?” የሚለው ጥያቄ መሆኑ ነው፡፡ ጥያቄው ካልተጠየቀ አጥሩ የለም፡፡

ሕመምተኛውም የመጠየቅ መብት አለው፡፡ ከስልሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል፤ ሕግ አስገዳጅ ካደረጋቸው ጥቂት ነገሮች በስተቀር፡፡ እምቢ ማለት የሚችል ሰው “ለምን?” ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም፡፡

ርቀት የሚጨምረው ዋጋ

የጋሞን መልክዓ ምድር ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፡፡ ሲቀላ ቆላ ናት፤ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፡፡ ከዚያም ወዲያ መኪና የማይደርስባቸው ቀበሌዎች አሉ፡፡ ከዚያ የመጣ ሕመምተኛ ሲቀላ መናኸሪያ ሲወርድ ብዙ ዋጋ ከፍሏል፡፡ ይህ ሰው “ሪፈር” ተብሎ ሌላ ከተማ ሲላክ የምርመራው ዋጋ በማሽኑ ተመን ብቻ አይለካም፤ የአስታማሚው ትራንስፖርት፣ የአልጋ ኪራይ፣ የቀረው የእርሻ ወይም የሽመና ሥራ አብሮ ይቆጠራል፡፡

ደግነቱ ለአብዛኛው ችግር ቀላሉ መሣሪያ ይበቃል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በምስል ሊመለሱ ከሚችሉ የምርመራ ጥያቄዎች ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በተራ ራጅና በአልትራሳውንድ ሊፈቱ እንደሚችሉ ይገምታል፡፡ ስለዚህ ለዞን ከተማ ሕዝብ የሚበጀው ከሁሉ በፊት ሳይቋረጥ የሚሠራ ራጅ፣ በሠለጠነ እጅ የተያዘ አልትራሳውንድና ምስሉን በጊዜ የሚያነብ ባለሙያ ነው፡፡ የተበላሸ ማሽን ጠጋኝ እስኪመጣ፣ ጠጋኙ መለዋወጫ እስኪያገኝ የሚባክነው ጊዜ በማንኛውም የምረቃ ሪባን አይካካስም፡፡

የአንባቢ እጥረትም ቢሆን መፍትሔ እየመጣለት ነው፡፡ ምስል ዛሬ በስልክ መስመር ይጓዛል፤ ሲቀላ የተነሳ ፊልም አዲስ አበባ ያለ ራዲዮሎጂስት ሊያነበው ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳን ለማጣራት ሲባል ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የደረት ራጅ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ቢነበብ ተቀባይነት እንዳለው አስታውቋል፡፡ ሕመምተኛው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ከሚጓዝ ምስሉ ቢጓዝ ይሻላል፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፡፡ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ የሚያስታውክ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ የሚቀባጥር፣ የሚንዘፈዘፍ ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ የሚወጣ ሰው “እንተኛና ነገ ይታያል” የሚባል አይደለም፡፡ አንድ ጎን በድንገት የከዳው፣ አፉ የተጣመመ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ ሰውም እንዲሁ፡፡ በእነዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ነው፤ ሲቲ ስካን የት አለ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል፡፡ መዘግየት ከጨረር ሁሉ ይበልጥ ይገድላል፡፡

ምን እንጠይቅ?

ድንገተኛ ላልሆነው ሕመም ግን ምርመራ ሲታዘዝልዎ በትሕትና የሚቀርቡ አምስት ጥያቄዎች አሉ፡፡ በዚህ ምርመራ ምን ለማወቅ ነው የተፈለገው? ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል? በሌላ ቀላል ወይም ጨረር በሌለው ምርመራ ሊታወቅ ይችላል? ቀድሞ የተነሳሁት ይበቃ ይሆን? ውጤቱንስ ማን ያነበዋል፣ መቼስ ይደርሳል? ጥሩ ሐኪም እነዚህን በመጠየቅዎ አይቀየምም፡፡ ሰልፍ በዝቶበት ቢቸኩል እንኳ ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፡፡

እርስዎም ግዴታ አለብዎ፡፡ የቀድሞ ፊልምዎን ከነጽሑፍ ውጤቱ ይያዙ፤ ሐኪም የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ሲያስተያይ ነው ብዙ ነገር የሚያየው፡፡ ፊልሙን ብቻ ይዞ ወረቀቱን የጣለ ሰው ምስክሩን አቅርቦ ቃሉን እንደረሳ ሰው ነው፡፡ ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ከታዘዘልዎ የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር በሽታ ወይም ለመድኃኒት መቆጣት ካለብዎ ይናገሩ፡፡

ለሐኪሞቻችንና ለጤና ኃላፊዎች የምለው ደግሞ አንድ ነገር ነው፡፡ ማዘዣው ላይ ጥያቄ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባዶውን አይለፍ፡፡ ያለ ጥያቄ የመጣ ማዘዣ ወደ ላኪው ቢመለስ ጥቂት ቀን ያጨቃጭቅ ይሆናል፤ በኋላ ግን ይለመዳል፡፡ ፍርድ ቤቶቻችን ጭብጥ ያልያዘ መዝገብ አይፈርዱም፡፡ ሆስፒታሎቻችንም ምክንያቱ ያልተጻፈ ምርመራ አናነሳም ለማለት አዲስ ማሽን መግዛት፣ አዲስ በጀት መጠየቅ አያስፈልጋቸውም፡፡ የሚያስፈልጋቸው አንድ መስመር ጽሕፈት ነው፡፡ ከደጋ ወርዶ ፖስታውን ታቅፎ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ይህ አንድ መስመር የበሬውን ዋጋ ሊያስቀርለት ይችላል፡፡